የጋሽ ኢብሮ ባዶ ወንበር

ተፈቀደ!

ሐሙስ ዕለት፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የአማርኛ አስተማሪያችን በሩን ከፍተው ገቡና አንዲት ወረቀት ከፍ አድርገው ያዙ። ክቡ ማኅተም ከሩቅ ይታያል። ከሁለተኛው ረድፍ መቼ ተነስቼ እንደቆምኩ አላስታውስም።

«ቁጭ በይ እንጂ! ገና መች አነበብኩት?» አሉኝ።

ከዚያ ግን ማንበብ ያቃታቸው እሳቸው ነበሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ሳቃቸው እንደገና ቀደማቸው። በመጨረሻ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝና ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«‹ክቡር እንግዳ› በሚል ርእስ የቀረበው ጽሑፍ ተመርምሯል። ስለ ፍየል አያያዝ ጠቃሚ ትምህርት የሚሰጥ ተረት ሆኖ ስለተገኘ፣ በተማሪዎችና በወላጆች ፊት እንዲነበብ ተፈቅዷል።»

ስለ ፍየል አያያዝ!

ያንን ተረት ከተራኪው አፍ እየለቀምኩ በወረቀት ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእናቴ የልብስ ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ጋቢዎች ሥር ደብቄ ያቆየሁትም እኔ ነኝ። ቃል በቃል አውቀዋለሁ። በውስጡ ስለ ፍየል አያያዝ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ገመድ የሚጠይቅ ነው።

ከሐሙስ ጀምሮ ማኅተሙን የመታው ሰውዬ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። እውነት አልገባውም? ወይስ በደንብ ገብቶት፣ የቢሮውን በር ዘግቶ ብቻውን ሲስቅ ቆይቶ፣ ፊቱን አጨማዶ «ስለ ፍየል አያያዝ» ብሎ ጻፈ? ባገኘው እጠይቀው ነበር። ጋሽ ኢብሮ እዚህ ቢኖር ግን መጠየቅም አያስፈልገውም፤ መዳፉን ዘርግቶ ይመዝነው ነበር።

ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ከምታነቡት መካከል ጋሽ ኢብሮን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ውስጥ መዛኝ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ጆንያና ሣጥን ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጆሮው ጀርባ ጠመኔ የማይለየው ሰው ነበር። መዝኖ ሲጨርስ ኪሎውን በጠመኔ ጆንያው ላይ ይጽፋል። ከሥራ ሲወጣ ካኪውን ለሽርጥ ይለውጣል፤ ጠመኔው ግን እዚያው ጆሮው ላይ ይቀራል። ባለቤቱ አዴ ሩሚያ «ይኼ ሰውዬ የተወለደው ከነጠመኔው ነው ወላሂ» ትል ነበር።

መጀመሪያ «አንቱ» ስለው ሳቀብኝ። «አንቱ ካልሽኝ ክብደቴ ይጨምራል፤ ሚዛኑ ይበላሽብኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንተ አልኩት።

አንድ ልማድ ነበረው። አንድ ሰው ሲያወራ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል። ያመነው ከሆነ መዳፉ ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ካላመነው ቀስ እያለ ወደ ጎን ያዘነብላል። አንድም ቃል አይናገርም። «የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ» ስንል መዳፉ ሲያዘነብል አይተን ደብተራችንን ልናመጣ ወደ ቤት የሮጥንበት ጊዜ ብዙ ነው። በባቡሩ ጋራዥ የሚሠራው አባቴ «የጣቢያውን ሚዛን ማታለል ይቻላል፤ የኢብሮን እጅ ግን እንጃ» ይላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ የከዚራ ሰፈር ልጆች የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግረን ወደ መጋላ ሰፈር፣ ወደ ጋሽ ኢብሮ ግቢ እንሄድ ነበር። በግቢው መሐል ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ። ከሥሩ ሰሌን ይነጠፋል፣ ሁለት አግዳሚ ይቀመጣል፣ አዴ ሩሚያ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከአግዳሚዎቹ ፊት ለፊት አንድ ወንበር አለ፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። ማንም አይቀመጥበትም። የሚቀመጥበት የዚያን ቀን የሚሳቅበት ሰው ብቻ ነው።

የጋሽ ኢብሮ ሕግ ይህ ነበር። ተረቶቹ ስለ ቄስ፣ ስለ ሼህ፣ ስለ ዳኛ፣ ስለ ጭቃ ሹም ናቸው። ስለ ቄስ ከሆነ ቄስ እዚያ መኖር አለበት። ስለ ሼህ ከሆነ ሼህ። የሚሳቅበት ሰው ካልመጣ ተረት የለም።

አንድ ቅዳሜ የአባ ተራ ነበር። አባ ገብሬ የሰፈራችን የንስሐ አባት ናቸው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እሳቸው ግን ቀሩ።

«አቦ ጀምር! ሳምቡሳው አለቀ እኮ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«አባ ይምጡ።»

«ምን ያደርጋሉ እሳቸው? ነገ እንነግራቸዋለን።»

«ሰውየው በሌለበት ከሆነ ሐሜት ነው» አለ ጋሽ ኢብሮ። «ሐሜት ደግሞ ቤታችሁ በር ላይም ሞልቷል። እዚህ ድረስ በፀሐይ ምን አስመጣችሁ?»

አባ እያለከለኩ ደረሱ። ጥላቸውን አጥፈው በሽቦ የታሰረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጥጥ አለ። «ይኼ ነገር ይችለኛል?» አሉ። «የእርስዎን ኃጢአት አላውቅም እንጂ ኪሎዎን ይችላል» አላቸው ጋሽ ኢብሮ። እሳቸው ናቸው መጀመሪያ የሳቁት።

የዚያን ቀኑ ተረት አንድ ሀብታም አዲስ የጭነት መኪና ስለገዛበት ቀን ነበር። ቄሱ ሊባርኩ ሮጠው መጡ፣ ሼሁም ዱዓ ሊያደርጉ ሮጠው መጡ። ቄሱ የመኪናውን ፊት ያዙ፣ ሼሁ ኋላውን ያዙ። አንዱ ካልጨረሰ አንዱ አይለቅም። አንዱ ሲያስረዝም ሌላው ያስረዝማል። ሦስት ቀን ሆነ፣ መኪናው አልተነቃነቀም፣ የተጫነው ሽንኩርት ከላይ በቀለ።

አጠገቤ የነበሩት የመስጊዱ ሼህ አደም ተቆጥተው ብድግ አሉ።

«ኢብሮ! ለእኔ የሰጠኸኝ ኋላውን ነው? አባ ከፊት ቆመው እኔ ጭስ ልጠጣ?»

«ሼህ አደም፣ አትቸኩል» አሉ አባ እንባቸውን እየጠረጉ። «መኪናው የተነሳ ቀን መጀመሪያ የሚዳጠው ማን ሆነና!»

ሁሉም ሳቀ። እኔን የገረመኝ ግን ኋላ የሰማሁት ነው። በሳምንቱ አባ የአንዲት ልብስ አጣቢ አንድ ክፍል ቤት ሊባርኩ ገብተው ብዙ ቆዩ አሉ። ድሮ የድሃ ቤት ከሆነ በር ላይ ቆመው ነበር የሚጨርሱት።

«እንዲህ ስትስቅባቸው አይቀየሙህም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ከተቀየሙ ተረቱን አበላሽቻለሁ ማለት ነው። አስተካክለዋለሁ። ሰውየው ከሌለ ማበላሸቴን ማን ይነግረኛል?»

የእኔ ጸሐፊነት የመጣው ደግሞ እንዲህ ነው። ጋሽ ኢብሮ አማርኛን እንደ ውሃ ያፈሰዋል፤ ፊደሉን ግን አያውቅም። ተረቶቹን በዓረብኛ ፊደል፣ ጊዜ ባለፈባቸው የጭነት ወረቀቶች ጀርባ ላይ ይጭራቸው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ «እጅሽ ቆንጆ ነው አሉ። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ» አለኝ። ከዚያ ጀምሮ ስሜን ትቶ «ጸሐፊዬ» ይለኝ ጀመር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቃላት እጨምር ነበር። አንድ ቀን የጻፍኩትን መልሼ ሳነብለት መዳፉ ማዘንበል ጀመረ።

«ፀሐይዋ እንደ ወርቅ አበራች ብዬ ነበር እንዴ?»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። አያምርም?»

«የድሬዳዋ ፀሐይ ወርቅ ብትሆን ማን ያስቀራት ነበር? ‹ሞቀ› በይ።»

‹ሞቀ› አልኩ። ዛሬ በድፍረት የምጽፈው ያ ቃል ስላለኝ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፍየሏ ልምጣ።

ትልቅ ሰው በባቡር ሲመጣ ጣቢያው ላይ የሚደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሹማምንቱ በማዕረጋቸው ይሰለፋሉ፣ ካህናቱ ጥላ ይዘው፣ ሼሆቹ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ እኛ ተማሪዎች ባንዲራ ይዘን። የአንደኛ ማዕረጉ በር ሲከፈት ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ማን እንደወረደ ቀና ብሎ ማየት ድፍረት ነው። መጀመሪያ እጅ ይነሳል፣ ኋላ ይታያል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ምክትል ገዥው አንድ እንግዳ ይመጣሉ ብለው ከጠዋት ጀምሮ በፀሐይ አቆሙን። ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በሩ ተከፈተ፣ ሁላችንም ጎንበስ አልን፣ ምክትል ገዥው ንግግራቸውን አሰሙ። ቀና ስንል የወረደ ሰው የለም። ሠረገላው ባዶ ነበር። አጠገቤ የቆመችው የክፍሌ ልጅ ግን መሬት ላይ ወድቃ ነበር፤ ሙቀቱ ጥሏት። ያነሳት ጋሽ ኢብሮ ነው። ከዕቃ ክፍል ሮጦ መጥቶ፣ ታቅፎ ወስዶ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሌላ ስላልነበረ የጆንያው ሚዛን ላይ አስተኛት። ውሃ እያርከፈከፈባት የሚዛኑን ቁጥር አየ። «ይችን የምታህል ልጅ ለማድረቅ ነው ይሄ ሁሉ?» አለ። ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ «ክቡር እንግዳ» ተጽፎ አለቀ። በተረቱ ውስጥ በሩ ይከፈታል፣ ከተማው ሁሉ አንገቱን ይደፋል፣ ከአንደኛ ማዕረግ ፍየል ትወርዳለች። ገዥው የሚያዩት ሰኮናዋን ብቻ ነው። «የውጭ አገር ጫማ መሆን አለበት» ብለው ያስባሉ። ቀና ሲሉ ፍየል ናት፤ ግን አንዴ እጅ ነስተዋል፣ እንዴት ይመለሱ? ቄሱ ገዥውን አይተው ይባርካሉ። ሼሁ ቄሱን አይተው ዱዓ ያደርጋሉ። ፍየሏ የገዥውን ንግግር ከእጃቸው ነጥቃ ትበላለች። «ክቡርነታቸው ንግግሬን ወደዱት!» ይላሉ ገዥው፣ ከተማው ያጨበጭባል። ከዚያ ቤት ይሰጣታል፣ ዘበኛ ይቆምላታል፣ ችሎት ትቀመጣለች። በመጨረሻ ከቢዮ አዋሌ መንደር አንዲት አሮጊት ፍየሌ ጠፋችብኝ ብላ ትመጣለች። የምትጠይቀው ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ ከየት እንደተገኘ አልነግራችሁም።

ጋሽ ኢብሮ ይህን ተረት አጽፎኝ አራት ቅዳሜ ሳይነግረው አለፈ። አባ መጡ፣ ሼህ አደም መጡ፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ምክትል ገዥው ከሌሉ አይነገርም።

«አቦ ኢብሮ፣ እሳቸው እዚህ ሰሌን ላይ መጥተው ሊቀመጡልህ ነው?» ይሉታል።

«ማን ጠራቸውና ይመጣሉ?»

እውነትም ማንም አልጠራቸውም ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ጠራኝና ደብዳቤ አጻፈኝ። እስካሁን በቃሌ ነው፦ «ክቡር ሆይ፣ በመጪው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት እርስዎ የሚሳቅብዎት ተረት ስለሚነገር፣ መጥተው አብረውን እንዲስቁ፣ ያበላሸነውም ካለ እንዲያርሙን በአክብሮት እንጠይቃለን። ወንበር ይዘናል።»

አዴ ሩሚያ ከምድጃው ዞራ «ኢብሮ፣ አብደሃል?» አለችው። «ተረትህን እዚሁ ለእኛ አውራ፤ እሳቸው የት ይሰሙሃል?»

«እኮ! አለመስማታቸው አይደል ችግሩ።»

እኔ አልፈራሁም፤ ልጅ ነበርኩ። በጣም ቆንጆ በሆነው እጄ ጻፍኩት። የመጀመሪያውን ፊደል በቀይ ቀለም አስጌጥኩት። ስሜን ግን አልጻፍኩም፤ ማን ጠየቀኝ?

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ከምክትል ገዥው ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ጸሐፊ ነው፤ ቦርሳ ይዟል። ሌላው በር ላይ ቆመ።

«ኢብራሂም የሚባለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ወንበሩ ያውና፣ ተቀመጡ።»

«ልንቀመጥ አልመጣንም። ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ጸሐፊው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። «እስቲ እዚህ ላይ ‹ክቡር› ብለህ ጻፍ።»

ጋሽ ኢብሮ እስክሪብቶውን አገላብጦ አየው። «እኔ የምጽፈው ኪሎ ነው» አለ።

«ስለዚህ ማን ጻፈልህ?»

እኔ ሰሌኑ ላይ ነበርኩ። ጣቴ ላይ የደብዳቤው ቀይ ቀለም ገና አልለቀቀም። አባ ቀና ብለው የሮቃውን ቅጠል ማየት ጀመሩ። ሼህ አደም ሳል ያዛቸው። አዴ ሩሚያ መጣችና ትሪ ሙሉ ትኩስ ሳምቡሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠች፤ «ያዢ፣ ለሰው አሳልፊ» አለች። ዘይቱ ጣቶቼን ሁሉ አራሳቸው።

«መንገደኛ ነው» አለ ጋሽ ኢብሮ። «ባቡር ሲጠብቅ ጻፈልኝና ሄደ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ወደ ታች፣ ወደ ጅቡቲ።»

ያን ጊዜ ቀኝ እጁን አየሁ። ጉልበቱ ላይ ነበር፣ መዳፉ ወደ ላይ። ቀስ እያለ አዘነበለ፤ አዘነበለና ጭራሽ ተገለበጠ። ጸሐፊው አላየም፤ ቢያይም ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰሌኑ ላይ የነበርነው ልጆች ግን ሁላችንም አየን። ጋሽ ኢብሮ ራሱን መዘነ። ስለ እኔ ብሎ ዋሸ፤ መዋሸቱንም ከእኛ አልደበቀም።

እኔ ሳምቡሳ አሳለፍኩ።

ብዙ ሳይቆይ የዝውውር ወረቀት መጣለት። ባቡሩ ብዙ ጊዜ ሳይቆም ወደሚያልፋት፣ በበረሃው መሐል ወዳለች ትንሽ ጣቢያ ነው። ሚዛን እንኳ የላትም አሉ። የሄደ ቀን አባና ሼህ አደም ሣጥኑን ተሸክመውለት መጡ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። መድረኩ ላይ ሲደርሱ አባ ቆም አሉና «ሼህ አደም፣ ዛሬስ ፊቱን አንተ ያዝ» አሉ። ቦታ ተለዋወጡና ሣጥኑን አስገቡት። ጋሽ ኢብሮ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጸሐፊዬ፣ ፍየሏን አደራ» አለኝ። እሺ እንኳ ሳልለው ባቡሩ ተነሳ።

ለዚህ ነው ሣጥን ውስጥ ያቆየኋት። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ስገባ ለአስተማሪያችን አሳየኋቸው። ቆመው አነበቡት። «አሁን ነጻ በወጡት የአፍሪካ አገሮችም ስለ ሹሞቻቸውና ስለ ሰባኪዎቻቸው እንዲህ እየጻፉ ነው» አሉኝ።

«እነሱም ፍየል አላቸው?»

«ፍየሏማ የትም አለች» አሉ። «የምትወርድበት በር ነው የሚለያየው።»

ይህም ከአእምሮዬ አይወጣም። አንድ ቀን የእነዚያን አገሮች ፍየሎች ሁሉ ማንበብ እፈልጋለሁ። እዚያስ ማን ነው መጀመሪያ አንገቱን የሚደፋው? ወንበርስ የሚያስቀምጥላቸው ሰው አላቸው?

አስተማሪያችን ጽሑፉን ለሚመለከተው ክፍል ሲልኩ ከላይ «ተራኪ፦ ኢብራሂም» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «ጸሐፊ፦» ብለው ወደ እኔ አዩ። አላስገደዱኝም። እኔም ስሜን አልሰጠሁም። ባዶውን ሄደ፣ ባዶውን ተፈቅዶ መጣ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ኢብሮ በባቡሩ ተቆጣጣሪ በኩል ወሬውን ላክሁለት። ትናንት መልስ መጣ፤ በአሮጌ የጭነት ወረቀት ጀርባ፣ በዓረብኛ ፊደል። እዚሁ የቀረችው አዴ ሩሚያ አነበበችልኝ፦ «ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከሰጡኝ በቅዳሜው ባቡር እመጣለሁ። ከከለከሉኝ አንቺ አንብቢው። ‹ሞቀ› የሚለውን እንዳትነኪው። ወንበሩን አትርሺ።»

አልረሳሁም። ወንበሩን ትናንት ደቻቱን አሻግረን አምጥተነዋል፤ ሽቦው እንዳለ ነው። ምክትል ገዥውም አሁንም በቦታቸው አሉ። ስለዚህ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት። ቃሉ ያው ነው፣ የመጀመሪያው ፊደልም እንደ ድሮው በቀይ ቀለም። የጨመርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ይህንንም፣ የዛሬ ሁለት ዓመቱንም የጻፍኩት እኔ ትርሲት ነኝ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ።» ዛሬ ጠዋት ራሴ ወስጄ ለዘበኛው ሰጠሁት። እናቴ ስትሰማ «ተፈቅዷል አይደል? ምን ያደርጉሻል?» አለች፤ ጋቢዎቹን ግን ከሣጥኑ አውጥታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። አዎ፣ ተፈቅዷል። ስለ ፍየል አያያዝ።

ያ ቦርሳ የያዘው ጸሐፊ ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ካነበበ ይወቅልኝ፤ መንገደኛ አልነበረም። ይህን ስጽፍ ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መዳፌን አየሁት። ቀጥ ብሏል።

እንግዲህ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ኑ። አዴ ሩሚያ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። አባና ሼህ አደም ማን ቀድሞ ይገባል በሚለው ገና ስላልተስማሙ በሩ ላይ ልታገኟቸው ትችላላችሁ፤ በመሐላቸው ግቡ። በተረቱ ውስጥ ራሱን የሚያይ ካለ ደግሞ ከኋላ አይደበቅ፤ ወንበሩ ከፊት ነው፣ ኪሎውን ይችላል።